ሆንዳ ሲቢ 750 ኬ፦ መጋዙን ከማንሣታችሁ በፊት

አሮጌ የጃፓን ሞተር ሳይክል ገዝቶ እስከ መጨረሻው ብሎን ፈትቶ ለማደስ ላሰበ ሰው ከሲቢ 750 የኬ ሞዴሎች የተሻለ መነሻ ማግኘት ይከብዳል። ሞተሩ ብርቱ ነው፣ መለዋወጫው ዛሬም ይገኛል፣ አሠራሩም ቁልፍና ትዕግሥት ላለው ሰው ግልጽ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት ሥራውን ከጫፉ ስለሚጀምሩት ነው። መቀመጫውን ቆርጠው፣ የአየር ማጣሪያ ሣጥኑን አውጥተው፣ ታንኩን ቀለም አስቀብተው ሲያበቁ ሞተሩ በሦስት ሲሊንደር ብቻ ሲንተፋተፍ ያገኙታል። ይህን ሞተር ሳይክል የሚያቆሙት የደረቁ የጎማ ክፍሎች (ድፍኖችና ቱቦዎች)፣ ኤሌክትሪክ፣ ካርቡሬተርና የቀድሞ ባለቤቶች እጅ ናቸው። የማደሱ ገንዘብና ጊዜ መጀመሪያ መዋል ያለበትም እዚያ ላይ ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ሆንዳ ይህን ሞተር ሳይክል በ1968 ቶኪዮ ላይ አሳይቶ በ1969 ለገበያ አቀረበው። አራት ሲሊንደር በአንድ መስመር፣ 736 ሲሲ፣ የሲሊንደሩ ስፋት 61 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 63 ሚሊሜትር፣ በ8000 ዙር 67 የፈረስ ጉልበት። ከፊት የዲስክ ፍሬን፣ ለማስነሣት ሞተሪኖ። አሜሪካ ውስጥ 1,495 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ በ1970 ደግሞ አሜሪካዊው ተወዳዳሪ ዲክ ማን በዚሁ ሞተር ላይ በተሠራ የውድድር ሞዴል የዴይቶና 200ን ውድድር አሸነፈ። ባለ አንድ ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ሞዴል እስከ 1978 ድረስ ከ400,000 በላይ ተመርቷል። ዛሬ ዕቃው በቀላሉ የሚገኘው በዚህ ብዛት ምክንያት ነው።

የትኛውን ዓመት መግዛት ይሻላል? ለማደስና ለመለወጥ ከኬ1 እስከ ኬ6 ያሉት፣ ማለትም ከ1970 መጨረሻ እስከ 1976 የተሠሩት፣ ምርጦቹ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ 7,414 ሞተሮች ካርተራቸው (የሞተሩ የታችኛው ቤት) በአሸዋ ቅርጽ የተቀዳ ነው። የሞተር ቁጥሩ ሲቢ750ኢ-1007414 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ አንዲት ብሎን ሳትቆርጡ እንደ ነበረ መልሱት፤ እንዲህ ያለውን ካፌ ሬሰር (ዝቅ ያለ መሪና አጭር ጭራ ያለው ልውጥ) ማድረግ ቅርስ ማፍረስ ነው። በመጀመሪያው ሞዴል፣ በኬ0 ላይ፣ አራቱን ካርቡሬተሮች የሚስቡት አራት የጋዝ ገመዶች ናቸው፣ እነሱን እኩል ማድረግ ያደክማል። ከኬ1 ጀምሮ የጋራ ዘንግ መጣና ሥራው ቀለለ። የ1977 እና 1978ቱ ኬ7 እና ኬ8 ጋዝ ሲሰጥ ቤንዚን የሚረጭ ፓምፕ ያላቸው ሌላ ዓይነት ካርቡሬተሮች አሏቸው። እንደ ነበሩ ሲተዉ ደህና ይሠራሉ፣ የአየር ሣጥኑ ሲወጣ ግን ከቀደሙት ይበልጥ ያስቸግራሉ።

ስትገዙ መጀመሪያ ወረቀቱን እዩ። አሜሪካ ያላችሁ ታይትል (የባለቤትነት ወረቀት) የሌለውን ሞተር ሳይክል በርካሽ ስላገኛችሁት ብቻ አትውሰዱ። የቴላዮው (የሞተር ሳይክሉ አጽም) እና የሞተሩ ቁጥር አለመመሳሰሉ አያስደንግጣችሁ፣ ከፋብሪካም ሲወጡ አንድ ዓይነት አልነበሩም፤ ተራርቀው ከተገኙ ግን ሞተሩ ተለውጧል ማለት ነው። ከዚያ ፊት ለፊት ካለው የካቴና ጥርስ ጀርባ በባትሪ መብራት እዩ። ካቴና ሲበጠስ እዚያ ተጠቅልሎ ካርተሩን ይበሳል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሞዴሎች የታወቀ ችግር ነው። በብየዳ ወይም በማጣበቂያ የተደፈነ ቀዳዳ ካያችሁ ዋጋውን በዚያ ልክ አውርዱት፣ ወይም ተዉት። ሞተሩ በእግር ማስነሻው ካልዞረ በጉልበት አትታገሉት። ካንዴላዎቹን አውጥታችሁ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት በየሲሊንደሩ ጨምሩና ቀናት ስጡት።

ሞተሩ የሚነሣ ከሆነ አሙቁት፣ አራቱንም ካንዴላ አውጡ፣ ጋዙን እስከ መጨረሻ ከፍታችሁ የመጭመቅ ኃይሉን ለኩ። ጤነኛ ሞተር 12 ኪሎ በካሬ ሴንቲሜትር፣ በአሜሪካ መለኪያ 170 ፒኤስአይ ገደማ ያሳያል። ከቁጥሩ ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው ብዙ የሚናገረው። አንዱ ወርዶ ከተገኘ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሩበትና ድገሙ። ከፍ ካለ የፒስተኑ ፋሻ (ቀለበቱ) አልቋል፣ ባለበት ከቀረ ግን ጥፋቱ ቫልቩ ላይ ነው።

መፍታት ስትጀምሩ ካቻቢቴውን አስቡበት። የሆንዳ ባለ መስቀል ብሎኖች በጃፓን ደረጃ የተሠሩ ናቸው፤ ብዙዎቹ በጭንቅላታቸው ላይ ትንሽ ነጥብ አለባቸው። ተራው የአሜሪካና የአውሮፓ መስቀል ካቻቢቴ እነሱ ውስጥ እስከ ታች አይገባም፤ ሲጠብቅ ወደ ላይ ይንሸራተትና ጭንቅላቱን ይበላዋል። የጃፓን ደረጃ ካቻቢቴ ከዋጋው ብዙ እጥፍ ያድናል። አልፈታ ላለው በመዶሻ እየተመታ የሚዞረውን ዓይነት ተጠቀሙ። የዘይት ማጣሪያውን የሚይዘው ትልቅ ብሎን ጭንቅላቱ ባለ 12 ብቻ ስለሆነ በየዘይት ቅየራው ይላጣል። ባለ 17 ጭንቅላት ያለው ምትክ ይሸጣል፣ አውጥታችሁ ለውጡት። የማርሚታ መያዣዎቹ የስድስት ሚሊሜትር ብሎኖችም ከሙቀት ብዛት ደርቀው ይሰበራሉ። ከአንድ ቀን በፊት የሚያላቅቅ ዘይት ርጩባቸው፤ ወደ ኋላ ሩብ ዙር፣ ወደ ፊት ትንሽ እያላችሁ አውጧቸው።

ገዢ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው አንድ ጉድለት አለ። የካምሻፍቱን ክዳን ሞተሩ ቴላዮ ላይ እያለ ማውጣት አይቻልም፣ የላይኛው ቧንቧ ይከለክላል። ስለዚህ ለቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስ ሥር ላለው ማሸጊያ) እንኳ ሞተሩ በሙሉ መውረድ አለበት፤ ክብደቱም ወደ 80 ኪሎ ነው። ቀላሉ መንገድ ሞተሩን ከማንሣት ይልቅ ቴላዮውን ከላዩ ማንሣት ነው። ጎማዎቹ፣ የፊት ፎርኬላው፣ ሽቦው ሁሉ ከወጣ በኋላ ወፍራም ምንጣፍ አንጥፋችሁ ሁሉንም በጎኑ አስተኙት፣ የሞተር ብሎኖቹን አውጡና ባዶውን ቴላዮ ለሁለት ሰው አንሡት። ሲመለስም እንደዚያው ነው። ቴላዮው ቀለም ከተቀባ በኋላ ከሆነ ቧንቧዎቹን በጨርቅ ጠቅልሉ፤ ያለበለዚያ አዲሱ ቀለም በመጀመሪያው ቀን ይፋቃል።

ሞተሩ አንዴ ከወረደ የላይኛውን ክፍል ሳይከፍቱ መመለስ ሞኝነት ነው። የሲሊንደሩ ስፋት ሲለካ 61.10 ሚሊሜትር ከደረሰ ሬቲፊካ (በማሽን ማስፋት) ያስፈልገዋል። ፒስተን በ0.25፣ በ0.50፣ በ0.75 እና በ1.00 ሚሊሜትር እየሰፋ ይገኛል። መጀመሪያ ፒስተኑን ግዙ፣ ከዚያ ፒስተኑን ራሱን ለቶርኖ ባለሙያው ስጡትና በሱ ልክ ይቁረጥ። ስፋቱ ደህና ከሆነ በአዲስ ፋሻና ቀለል ባለ የሲሊንደር ማሻከር ይበቃዋል።

ዘይት ከቴስታታው ሥር ማልቀስ የዚህ ሞተር የታወቀ ምልክት ነው፤ ብዙዎች የጓርኒሲዮን ጥፋት ይመስላቸዋል። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ከቴስታታው ላይ በካምሻፍቱ መያዣዎች ሥር የሚገቡት ክብ የጎማ ድፍኖችና በዘይት መተላለፊያዎቹ ላይ ያሉት ኦሪንጎች ናቸው። ርካሽ የጓርኒሲዮን ስብስቦች እነዚህን አይጨምሩም፣ ወይም ጥራታቸው ዝቅ ያለ ጎማ ይሰጣሉ። ስብስቡን ከመግዛታችሁ በፊት ዝርዝሩን ቆጥራችሁ አረጋግጡ፤ ከሌሉበት የሆንዳን ለየብቻ ግዙ። ይህን የዘነጋ ሰው ከ200 ኪሎ ሜትር በኋላ ያንኑ 80 ኪሎ እንደገና ያወርዳል።

የቫልቭ ክፍተቱ በቀዝቃዛ ሞተር ለማስገቢያው 0.05፣ ለማስወጫው 0.08 ሚሊሜትር ነው። ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ መድረሱን የሚያሳየውን የቲ ምልክት ለ1 እና ለ4 አስተካክሉ። አንደኛው ሲሊንደር በመጭመቅ ላይ ሲሆን የ1ን ሁለቱንም፣ የ2ን ማስወጫ፣ የ3ን ማስገቢያ ታስተካክላላችሁ። አንድ ሙሉ ዙር አዙራችሁ የ4ን ሁለቱንም፣ የ2ን ማስገቢያ፣ የ3ን ማስወጫ። የ0.05 የክፍተት መለኪያ ቅጠሉ በጣም ስስ ስለሆነ ብዙ ሰው አጥብቆ ይተዋል፤ የጠበቀ ቫልቭ ደግሞ ድምፅ ሳያሰማ ይቃጠላል። ትንሽ ጠቅ ጠቅ የሚል ይሻላል።

ዘይቱ የሚቀመጠው ከመቀመጫው ሥር በቀኝ በኩል ባለው የተለየ ታንክ ውስጥ ነው፤ በጠቅላላ 3.5 ሊትር ይይዛል። ሲቀየር ከታንኩም፣ ከካርተሩም፣ ከማጣሪያው ቤትም መውጣት አለበት። ሞተር ሳይክሉ ለሳምንታት ሲቆም በፓምፑ ውስጥ ያለው መመለሻ ቫልቭ ካልያዘ ዘይቱ ቀስ ብሎ ወደ ካርተሩ ይወርዳል። ባለቤቱ ታንኩን አይቶ ጎደለ ብሎ ይጨምራል፤ ሞተሩ ሲነሣ ዘይቱ ተርፎ በመተንፈሻው ይፈሳል። ስለዚህ ሞተሩን አንቀሳቅሳችሁ ካሞቃችሁት በኋላ ብቻ ለኩ፣ መለኪያውንም ሳታጠብቁ አስቀምጡት። ፍሪሲዮኑ በዚሁ ዘይት ውስጥ ስለሚሠራ ለመኪና የተሠራ ነዳጅ ቆጣቢ ዘይት አትጠቀሙ፣ ፍሪሲዮኑ መንሸራተት ይጀምራል። የሞተር ሳይክል 10-40 ወይም በሞቃት አገር 20-50 ይስማማዋል።

ካርቡሬተሮቹ የዚህ ሥራ ልብ ናቸው፣ ቢያንስ ሁለት ሙሉ ቀን መድቡላቸው። የዝቅተኛ ዙር ጂግለሩ (ቤንዚኑን የሚመጥነው ደቃቅ ቧንቧ) ቀዳዳ ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሰ ነው፤ የደረቀ ቤንዚን የሚደፍነው መጀመሪያ እሱን ነው። አውጥታችሁ ወደ መብራት ያዙት፤ ጥርት ያለ ክብ ብርሃን ካልታየ ገና አልጸዳም። በስስ የመዳብ ሽቦ ክርና በካርቡሬተር ማጽጃ አጽዱት፣ መሰርሰሪያ ግን አታስጠጉት፣ ቀዳዳው ከሰፋ ዋጋ የለውም። በረጅሙ የነሐስ ቱቦ ጎን ላይ የተደረደሩትን ደቃቅ ቀዳዳዎችም አትርሷቸው። ርካሽ የማደሻ ስብስቦች ውስጥ የሚመጡት ጂግለሮች ቁጥራቸው ትክክል ቢሆንም ቀዳዳቸው እውነተኛ ሆኖ አይገኝም። የካርቡሬተሩ አምራች የኬሂን ዋናዎቹን አጽድታችሁ መልሱ፤ ከስብስቡ ኦሪንጉንና ቤንዚን የሚጠራቀምበትን የታችኛ ሳህን ጎሚኒ ብቻ ውሰዱ። የተንሳፋፊው ከፍታ 26 ሚሊሜትር ነው፤ ካርቡሬተሩን አጋድላችሁ ምላሱ መርፌውን ሳይጫን ልክ ሲነካው ለኩ።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ አንዱ ካርቡሬተር አሁንም በትርፍ ማስወጫው ቤንዚን የሚያንጠባጥብ ከሆነ ሳህኑ ውስጥ የቆመውን ቀጭን የነሐስ ቱቦ ጠርጥሩ። ከላይ ወደ ታች በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያወጣል። ሳህኑን ብቻውን በቤንዚን ከቱቦው አፍ ትንሽ ዝቅ አድርጋችሁ ሙሉትና በወረቀት ላይ አስቀምጡት፤ ወረቀቱ ከረጠበ ቱቦው ተሰንጥቋል፣ ይበየዳል ወይም ይለወጣል። በካርቡሬተሩና በቴስታታው መካከል ያሉት ጎማዎች ከደረቁ ደግሞ ምንም ማስተካከያ አይረዳም። በጥፍር ሲጫኑ ካልሰመጡ አራቱንም ለውጡ።

ኤሌክትሪኩ በአብዛኛው የሚበላሸው በግንኙነቶቹ ላይ ነው። በሆንዳ ሽቦ አረንጓዴው መሬት ነው፣ ጥቁሩ ከቁልፉ በኋላ የሚመጣ ኃይል ነው። ቁልፉን ከፍታችሁ ባትሪው ላይ፣ ቀጥሎም ቦቢናው (ለካንዴላ እሳት የሚያመነጨው ጥቅል) ላይ በቴስተር ለኩ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ከበለጠ የፊውዝ ቤቱን፣ የቁልፉን፣ የሞተር ማጥፊያውንና በፊት መብራቱ ቤት ውስጥ ያሉትን መጋጠሚያዎች አጽዱ። ይህ ቀላል አይደለም፤ የዲናሞው ቮልት ተቆጣጣሪ የሚያነበው በዚያው ጥቁር ሽቦ የሚደርሰውን ቮልት ስለሆነ ዝቅ ያለ ሲያይ ባትሪውን ከልክ በላይ ይሞላና አሲዱን ያፈላዋል። የዲናሞው የመስክ ጥቅል 7 ኦም ገደማ ማሳየት አለበት። የሚያወጣው ኃይል በአጠቃላይ 210 ዋት ብቻ ነው፤ በዝቅተኛ ዙር ደግሞ ከሚፈጀው ያነሰ ይሰጣል። ከተማ ውስጥ በመብራት ላይ ብዙ ለሚቆም ሰው የኤልኢዲ የፊት መብራትና ዘመናዊ ተቆጣጣሪ ከምንም ጌጥ በፊት የሚገዙ ናቸው።

እሳቱ በሁለት ፑንቲና (እሳቱን በጊዜው የሚያስነሣ ማቋረጫ) እና በሁለት ቦቢና ነው የሚሠራው፣ አንዱ ለ1 እና ለ4፣ ሌላው ለ2 እና ለ3። ይህን ማወቅ ግማሽ ምርመራ ነው። 1 እና 4 አብረው ከሞቱ ጥፋቱ ፑንቲናው፣ ኮንደንሰሩ ወይም ቦቢናው ላይ ነው፤ አንዱ ብቻውን ከሞተ ካንዴላው፣ ቆቡ ወይም ካርቡሬተሩ ነው። ቆቦቹ በመዞር ይወጣሉ፤ ሽቦውን ጫፉን ትንሽ ቆርጣችሁ መልሱ። የፑንቲናው ክፍተት ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊሜትር ነው። ፑንቲናን የሚተካው ኤሌክትሮኒክ ዳይና ኤስ ደህና ዕቃ ነው፣ ማስተካከያ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ባለ 3 ኦም ቦቢና ሲጨመርበት ከዚያችው 210 ዋት ላይ ብዙ ይወስዳል። ፑንቲናው ደህና ከሆነ ለመለወጥ የሚያስቸኩል ነገር የለም።

የፊት ፍሬኑ ባለ አንድ ፒስተን ሲሆን ካሊፐሩ በክንድ ላይ ይንቀሳቀሳል። የክንዱ መዞሪያ ከዛገ አንዱ ሸራ ብቻ ይሠራል፣ ዲስኩም ይጎብጣል። ፈትታችሁ አጽዱ፣ ግሪስ ቀቡ። ከፋብሪካ የመጣ የጎማ ቱቦ ካለ ሳትጠይቁ በብረት ሹራብ በተሸፈነ ለውጡት። የኋላ ፎርኬላውን ቡሽ በነሐስ፣ የመሪውን ተንከባላይ ኳሶች በሾጣጣ ኩሽኔታ መተካት ሞተር ሳይክሉን በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ፍጹም ሌላ ያደርገዋል። ጎማው ከፊት 3.25-19፣ ከኋላ 4.00-18 ነው፤ ጉድጓዱ ጥልቅ ቢሆንም ዕድሜው ያለፈ ጎማ አይጋለብም።

ወደ ለውጡ ስንመጣ፣ አብዛኞቹ ፎቶ ላይ የሚያምሩት ሲቢዎች በመቀመጫው ሥር ባዶ ናቸው። በዚህ ሞተር ላይ ይህን ማድረግ የዘይት ታንኩ ቦታ የት እንደሚሆን ካልተመለሰ አይቻልም። ታንኩን ትንሽ አሠርቶ ወደ ኋላ የሚያዛውር ሰው አለ፤ አቅሙ ሲያንስ ዘይቱ ይግላል፣ ቱቦው ሲታጠፍ ካምሻፍቱ ይደርቃል። የኔ ፍርድ ታንኩን በቦታው ተዉት ነው። ባትሪውን ግን ማዛወር ይቻላል። ሊቲየም የምትገጥሙ ከሆነ የድሮው ሜካኒካል ተቆጣጣሪ አብሮ አይቆይ፣ ቮልቱ ከልክ ሲያልፍ ባትሪው ይቃጠላል።

የአየር ሣጥኑን አውጥቶ አራት ትናንሽ ማጣሪያዎች መግጠም በጣም የተለመደና በጣም የሚቆጭ ለውጥ ነው። ዋናውን ጂግለር ሁለት ሦስት ቁጥር ከፍ ብታደርጉም መካከለኛው ዙር ላይ ቤንዚኑ ያንሳል፤ የጎን ነፋስ ሲመታ ሞተሩ ይደናቀፋል። ማጣሪያው አጭርና ጎማው ወደ ካርቡሬተሩ አፍ ዘልቆ የሚገባ ከሆነ የአየር ቀዳዳዎቹን ይሸፍናል። አራቱን ማርሚታ በአንድ መተካት በአንጻሩ ክብደት ይቀንሳል። የተወገዱት ኦሪጅናሎች ግን እንዳይጣሉ፣ ዋጋቸው ከፍተኛ ነው።

ዝቅ ያለ መሪ ከፎርኬላው ጋር በቀጥታ ስትገጥሙ መጠኑ 35 ሚሊሜትር ነው። እስከ ዳር አዙራችሁ ታንኩን እንደማይነካና የፍሬን ቱቦው እንደማይወጠር አረጋግጡ። የቴላዮውን ጭራ የምትቆርጡ ከሆነ ከሾክ አብዞርበሩ (ንቅናቄ ማብረጃው) የላይኛ መያዣ ኋላ ይሁን፤ ቧንቧውን በውስጥ በሚገባ እጅጌ ደግፋችሁ አስበይዱ። ወደ 836 ሲሲ የሚያሳድገው ባለ 65 ሚሊሜትር ፒስተን ጉልበት ይጨምራል፣ ግን የሲሊንደሩን ግድግዳ ያሳሳል፣ ሙቀቱንም ይጨምራል። መንገድ ላይ ብቻ ለሚነዳ ሰው አልመክረውም።

ታንኩን ከማስቀባታችሁ በፊት ውስጡን ከዝገት አጽዱ፣ ቤንዚን ሞልታችሁ አንድ ሌሊት አሳድሩት። የሚያፈስ ከሆነ ያኔ ይታያል፣ ከቀለም በኋላ ቢሆን ግን ቀለሙን ከሥሩ ያነሣዋል። ሞተሩ መጀመሪያ ሲነሣ ዙሩ ወደ 950 አካባቢ ይቁም፤ ሲግል አራቱን ካርቡሬተሮች በቫኩም መለኪያ እኩል አድርጉ። ባትሪው ላይ በ3000 ዙር ከ14 ቮልት በላይ መታየት አለበት። የመጀመሪያዎቹን 500 ኪሎ ሜትሮች በአንድ ፍጥነት አትንዱ። ከዚያ ዘይቱንና ማጣሪያውን ቀይሩ፣ የቫልቭ ክፍተቱን እንደገና ለኩ፣ የካምሻፍቱን ሰንሰለት ማጥበቂያ ሞተሩ ጠፍቶ የአንደኛው ሲሊንደር ቲ ምልክት 15 ዲግሪ ካለፈ በኋላ ፈትታችሁ ሞላው እንዲስበው አድርጉና እሰሩት። በመጨረሻም የቴስታታውን ፊት በነጭ ጨርቅ ጥረጉ፤ ጨርቁ ደርቆ ከመጣ የጎማ ድፍኖቹ ይዘዋል።